ግድግዳው ላይ የምትመጣው

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ስለ ሰማይ የማውቀው እትዬ ያስተማረችኝን ያህል ብቻ ነው። እዚህ ከጻፍኩት ውስጥ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ስሕተቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

እትዬ ታላቄ ናት። ነበረች ማለት እስካሁን አፌን ይይዘኛል። በልጅነቷ መንገድ ላይ ሽቅብ እያየች ስትሄድ ከሰውም ከግንብም ትጋጭ ስለነበር ቤት ውስጥ «አንጋጣ» ተባለች። ስሙ አብሯት አደገ፤ አስተማሪ ሆና ጭንቅላቷ ላይ ሽበት ብቅ ካለም በኋላ እማዬ አንጋጣ እያለች ነበር የምትጠራት። ለጎረቤትም፣ «ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ የእኔዋ ግን ሰማይ አርሳ ደሞዝ ትበላለች» እያለች ታወራ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚያይ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጣት። ወዲያው ወደ እኔ ሱቅ መጣች።

«መጋረጃ እፈልጋለሁ። ጥቁር፣ ድርብ። ብርሃን እንደ ውሃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። አንድም እንዳታስተርፍብኝ» አለችኝ።

ሰፋሁላት። ከላይ በጣውላ አጥብቄ፣ ጎንና ጎኑን በመንጠቆ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ስጨርስ ክፍሉ ውስጥ የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። ኮራሁ። እሷ ግን መቀሴን ከኪሴ አውጥታ ጨርቁን መሐል ላይ የሽንብራ ፍሬ በምታህል ቀዳዳ በሳችው።

«እንዴ፣ እትዬ!»

«ያ ሁሉ ስፌት እኮ ለዚህች ነው» አለች። «በል አሁን ዳር ዳሯን ስፋልኝ፤ እንዳትተረተር።»

እንደ ቁልፍ ቀዳዳ አድርጌ ዙሪያዋን በክር ከፈፍኳት። በሕይወቴ የሠራሁት ትንሹ ሥራ እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ስትሆን በዚያች ቀዳዳ ገብታ ነጭ ካርቶን ላይ ክብ ሆና ታርፋለች። እትዬ ለተማሪዎቿ፣ «ይኼ ዝም ብሎ ብርሃን አይደለም፤ የፀሐይ መልኳ ነው» ትላቸው ነበር። ኮከብ ማለት ምን እንደሆነ የምትነግራቸው እዚያ ካርቶን ላይ ነው፤ ኮከብ የራሱ ብርሃን ያለው ነው፣ ፀሐይም ቅርባችን የሆነች ኮከብ ናት፤ ፕላኔት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፣ ተበድሮ የሚያበራ ተንከራታች ነው፤ የሚንከራተትበት መንገድ ደግሞ ምሕዋር ይባላል። የማይፈርስ መንገድ፣ ማንም ያላነጠፈው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሕንጻው ጀርባ ዞራ የመንገዱን ወዲያኛ ዳር ስታበራ፣ ያችው ቀዳዳ መንገዱን ራሱን ታስገባዋለች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ መንገዱ ከነሰዉ ተዘቅዝቆ ይታያል። ሰማዩ ከታች፣ አስፋልቱ ከላይ፤ ሰዎች እንደ ዝንብ ጣራ ላይ ይሄዳሉ።

ለትምህርት ስትል ዘበኛውን ወደ ውጭ ልካ ወዲህና ወዲያ ታስኬደው ነበር። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። እሱም ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል።

«እኔ እዚህ የተቀጠርኩት በር ልጠብቅ ነው። አንቺ በየሳምንቱ በእግሬ ትሰቅይኛለሽ።»

«ሰማይ ላይ ያራመደህ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ?» ትለዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «ልብ በሉ። የተገለበጠው ላይና ታች ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ ወደ ክፍላችን በር የሚመጣ ሰው፣ መንገዱ ላይ ከበሩ እየራቀ ነው። ይኼን ያልያዘ ልጅ ሰማዩንም ይስታል» አለች።

ያን ዕለት እኔም መሰላል ላይ ሆኜ የላላ መንጠቆ እያጠበቅኩ ሰምቻለሁ። ግን መስማትና መያዝ ለየቅል ናቸው።

ከዚያ ታመመች። የሕመሟን ነገር አልጽፈውም። አልጋ ላይ ሆና እማዬን ታስተምራት ጀመር፤ የምታስተምረው ሌላ ሰው ስላጣች ይመስለኛል። እማዬ እንደሆነች የሰማችውን ሁሉ ገልብጣ ነው የምትይዘው።

«ለመሆኑ ስንት የብርሃን ዓመት ትኖሪልኛለሽ?» አለቻት አንድ ቀን።

«እማዬ፣ የብርሃን ዓመት ዕድሜ አይደለም፤ ርቀት ነው። ብርሃን ዓመት ሙሉ ሳያርፍ ሄዶ የሚደርስበት ቦታ ማለት ነው።»

«እንግዲያ አሁን ከእኔ ምን ያህል ትርቂያለሽ?»

እትዬ አሰብ አድርጋ፣ «አንድ ትራስ» አለች።

ግርዶሽ እንደሚመጣ የነገረችንም ያኔ ነው። «ፀሐይ አትጠፋም። ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መሐል ገብታ ትቆማለች፤ ያ ብቻ ነው። ጥላው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ ጥላ ያረፈበት ሰው ፀሐይን ጨርሶ አያያትም። ከፊል ጥላ ያረፈበት ግን ገሚሷን ያያል፣ የጋረዳትንም ያያል። እኛ ጋ የሚደርሰው ከፊሉ ነው።»

«ክፍልሽ መጥቼ እዚያ አየዋለሁ» አለች እማዬ። እትዬ በሕይወት ሳለች ያችን ክፍል አንድ ቀን ረግጣ አታውቅም ነበር። ዛሬ ጉልበቴ፣ ነገ ዝናቡ እያለች ዓመታት አለፉ።

እትዬ ግርዶሹ ሳይደርስ ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ ርእሰ መምህርቷ አስጠርታኝ ክፍሉ የወንበር ማከማቻ ሊሆን መሆኑን ነገረችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። «ልጆቹ ግርዶሹን እስኪያዩ ይቆይ። በማግስቱ መጋረጃህን አውርደህ ቁልፉን ታስረክበኛለህ። እስከዚያ እናታችሁ መጥተው ዕቃዋን ይዩ» አለች።

እማዬን ይዣት የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። እህል አፏ መግባት ካቆመ ሰንብቷል፤ ሻይ ብቻ ነበር የምትጠጣው። ክፍሉ ውስጥ የእትዬ ነጭ ጋውን ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ጨረቃ እያለች የምታዞራት የጎማ ኳስም ጠረጴዛው ላይ ነበረች። በሩን ስዘጋው ጨለመ፤ ቀስ እያለ መንገዱ ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። የወዲያኛው ዳር ሦስት ዛፎች ተዘቅዝቀው ይወዛወዙ ነበር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ቀን የተተከሉ፣ በአንድ መቀስ የተከረከሙ።

«ያች ማናት?» አለች እማዬ።

ግድግዳው ወዲያ ጥግ፣ ከክፍሉ በር በራቀው በኩል፣ ልስኑ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ አጠገብ፣ ዛፉ ሥር፣ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ራሷ ወደ ታች፣ እግሯ ወደ ላይ። ረጅም ግራጫ ካፖርት፣ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ፤ አገጯ ቀና ብሎ። ሌላው ሰው ሁሉ ያልፋል፤ እሷ አታልፍም።

«አላፊ አግዳሚ ናት፣ እማዬ» አልኩ። የእትዬን ካፖርት ግን እኔም አውቄው ነበር።

«የወለድኩትን ልታስተዋውቀኝ ነው?»

ወደ መስኮቱ ሄጄ የመጋረጃውን ዳር ገለጥ አደረግኩ። ብርሃኑ ገብቶ ግድግዳውን አጠበው። ውጭ መንገዱ ባዶ ነበር። ከዛፎቹ አንዱም ሥር ሰው የለም። መጋረጃውን ስመልሰው ሴትየዋ እዚያው ናት።

«አታባርርብኝ» አለች እማዬ። «እንደገና ብትነካው አንተንም አላውቅህ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንወስዳት ጀመር፤ እንወስዳት ያልኩት እኔና ዘበኛው ነን፣ ደረጃውን እሱ በአንድ ክንድ እኔ በሌላው። ዘበኛው ምን እንደምናይ አያውቅም። ልጇን ልትናፍቅ የምትመጣ መስሎት በር ላይ ትቶን ይመለሳል። እውነትም ለዚያው ነበር የምትመጣው።

እማዬ አንገቷን አጣማ ማየት ሲሰለቻት አንድ ዘዴ አገኘች። የተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጭንቅላቷን ከጠርዙ ታንጠለጥለዋለች። ያኔ ልጇ ለእሷ ቀጥ ብላ ትታያታለች። ነጠላዋ ወለል እየነካ፣ ነጭ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ፈገግ ብላ በተገለበጠ ፊቷ ስታየኝ ክው እል ነበር። እናቴን እንጂ ግድግዳው ላይ ያለችውን አልፈራሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ሁለቱንም ፈርቻለሁ።

ሴትየዋ ደግሞ ቦታ ትቀይር ጀመር። ስትራመድ አላየናትም። አንድ ቀን ከስንጥቁ ፈቀቅ ብላ አገኘናት። ሌላ ቀን ግድግዳው መሐል፣ ጋውኗ የተሰቀለበት ሚስማር ጋ፣ ሁለተኛው ዛፍ ሥር። ቀጥሎ ከሚስማሩ አልፋ ወደ ክፍሉ በር።

«እየመጣች ነው» ትላለች እማዬ። «አየህ? እየመጣች ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ትገባለች።»

«እማዬ፣ እህል ቅመሽ።»

«ስትገባ አብረን እንበላለን።»

ክፍሉ ሊወሰድ መሆኑን ስነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ርእሰ መምህርቷ ራሷ መጥታ «እማማ፣ ነገ ልጆቹ ግርዶሹን ያያሉ፤ ከነገ ወዲያ ክፍሉን እንፈልገዋለን» ስትላት፣ እማዬ በትሕትና እጇን ስማ «ይዤው እሞታለሁ፣ የእኔ እመቤት» አለቻት። ቀልድ መስሏት ርእሰ መምህርቷ ሳቀች። እኔ ግን የእናቴን ክንድ ደግፌ ነው የማወጣት የማስገባት፤ አጥንቷ ብቻ እንደቀረ በእጄ አውቀው ነበር። ሴትየዋ ቶሎ በሩ ጋ ካልደረሰች እማዬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደተንጋለለች እንደምትቀርብኝ ገባኝ። ብትደርስስ? እሱን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

ግርዶሹ የሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ ካርቶን በሳስተው ግቢ ወጥተዋል፤ ጫጫታቸው እስከ እኛ ይሰማል። እማዬ ከክፍሉ አልወጣም አለች። ጠረጴዛው ላይ ተንጋለለች። ሴትየዋ በሩ አጠገብ፣ ሦስተኛው ዛፍ ሥር ነበረች። በእሷና በበሩ መቃን መሐል አንድ ክንድ ቢተርፍ ነው።

መንገዱ መደብዘዝ ጀመረ። ዛፎቹ፣ አስፋልቱ፣ ወዲያ ማዶ ያለው አጥር ሁሉ ፀሐይ እንደመታው አሮጌ ፎቶ እየነጡ፣ ኋላም እየጠቆሩ ሄዱ። የልጆቹ ጫጫታ ረገበ። ሁሉም ሲጨልም እሷ አልጨለመችም። የካፖርቷ ቁልፎች ሳይቀሩ ይታዩኝ ነበር።

«ሂድ» አለች እማዬ ከጠረጴዛው ላይ። «ጠርተህ አስገባት። በሩ ላይ ደርሳ መግቢያው ጠፍቷት ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከተነሳሁ ማን ያያታል? ሂድ አልኩህ፣ አንተ ጨርቅ!»

ወጣሁ። ዘበኛው ዋናው በር ላይ ካርቶን ይዞ መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ና እስቲ እያት» አለኝ። «ፀሐይቱን የተገመጠ ብስኩት አስመሰሏት።»

«ወዲያ ማዶ ሴት ቆማ አላየህም? ግራጫ ካፖርት የለበሰች።»

«በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ያለነው እኔና ድመቷ ነን» አለ። ከዚያ ፊቴን አይቶ መሳቁን ተወ።

ተሻግሬ ዋናው በር ፊት ለፊት ወዳለው ዛፍ ሄድኩ። እማዬ በሩ ላይ ደርሳለች ብላኝ የለ? በቅጠሎቹ መሐል ያለው ክፍተት ሁሉ እንደ እትዬ ቀዳዳ ሆኖ፣ መሬቱ ላይ ቁጥር የሌለው የፀሐይ ማጭድ ተበትኗል። እጅጌዬ ላይም፣ ጫማዬም ላይ። ነፋሱ ቀዝቅዟል። ወፎቹ ዝም ብለዋል።

«እትዬ» አልኩ። ማንም የለም። ጮክ ብዬ ደገምኩ። «እትዬ!»

ያኔ ነው ወዲያ ያየሁት። ሩቅ ያለው ሦስተኛው ዛፍ ሥር፣ መንገዱ ወደሚታጠፍበት ጠርዝ፣ መሬቱ ላይ ያሉት ማጭዶች ከቅጠሉ ጋር ይወዛወዛሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን የሉም። የሰው ቁመት ያህል ጥላ ነበር። ዳሩ በመቀሴ የቆረጥኩት ይመስል ጥርት ያለ፤ የካፖርት ጫፍ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ ቀና ያለ አገጭ። ጥላውን የሚጥል ሰው ግን አልነበረም። ስጠራ አገጩ ዝቅ አለ። ጭንቅላቱ ወደ እኔ ዞረ፤ ጥላ ከዞረ ማለት ነው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ተንሸራቶ ታጠፈ፤ ማጭዶቹም ባዶውን ቦታ መልሰው ሞሉት።

ብርሃኑ ሲመለስ ዘበኛው ክንዴን ይዞ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ እማዬ ጠረጴዛው ላይ ተነሥታ ተቀምጣለች።

«የት ነበርክ?» አለችኝ። «እሷ እዚህ በሩ ጋ ሆና፣ አንተ ወዲያ ጥግ ስንጥቁ ጋ ተገትረህ ትጮሃለህ። ከኋላዋ ነው የጠራሃት።»

«እማዬ፣ እኔ የቆምኩት እኮ ዋናው በር ፊት ለፊት ነው።»

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። መንገዱ ተመልሶ ደምቋል፣ ሦስቱ ዛፎች ተዘቅዝቀው ይወዛወዛሉ፤ ሥራቸው ማንም የለም። መሰላል ላይ ሆኜ የሰማሁት ቃል መጣልኝ። ስንጥቁ ጋ ያለው ዛፍ ለእኛ የቀረበው ነው። በሩ ጋ ያለው የራቀው፣ የመንገዱ መጨረሻ።

«የተገለበጠው ላይና ታች ብቻ አይደለም ትል ነበር» አልኩ።

እማዬ ወደ ስንጥቁ ጣቷን ቀሰረች።

«እንግዲያ መጀመሪያ የመጣን ቀን፣ ስንጥቁ ጋ ሳለች...»

«ያኔ ነው አጠገባችን የነበረችው።»

«እኔ መጣች መጣች ስል...»

«እየሄደች ነበር፣ እማዬ።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ አስተካከለች።

«ስትጠራት ዞረች» አለች። «ፊቷን አየሁት።»

«ምን ትመስላለች?»

«ተማሪዎቿ እየጠበቋት እኔ ነገር ሳበዛባት የምታየኝን አስተያየት ታውቀዋለህ አይደል? እማዬ፣ ልሂድ እንጂ እንደማለት። ልክ እንደዚያ።» ከጠረጴዛው እየወረደች፣ «እኔ ነኝ ለካ በየቀኑ እየተጎለትኩ ያቆምኳት። መሐል የገባሁት እኔ ነኝ» አለች።

«መጋረጃውን ነገ ነው የምናወርደው» አልኩ።

«ዛሬ አውርደው።»

መሰላሉን አመጣሁ። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ጎኑን የያዘችው እማዬ ናት። ጨርቁ ሲወድቅ ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው፤ ግድግዳው ስንጥቅና ሚስማር ያለበት ግድግዳ ሆነ። ጋውኑን ከሚስማሩ አውርዳ በክንዷ ያዘችው። በመስኮቱ ሦስቱ ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሥራቸው ድመቷ ገላዋን ትልሳለች። ልጆቹ ከግቢ እየተንጫጩ ሲመለሱ አንዱ በር ላይ ቆም ብሎ «እማማ፣ አዩት?» ሲላት፣ «ከፊሉን» አለችው።

ስንወጣ ዘበኛው ከመክሰሱ ዳቦ ቆርሶ ዘረጋላት፤ እንዲያው ለይሉኝታ፣ እንደማትቀበለው እያወቀ። ተቀበለችው። እየተራመደች በላችው። «ደረቅ ነው» አለችው።

«ለነገ በቅቤ ይሁንልዎት እንዴ?» አላት። እሱም እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየን።

መጋረጃውን ሱቄ ወሰድኩት። ጨርቁ ደህና ስለሆነ ቀዳዳውን ደፍኜ ለእማዬ መኝታ ቤት ላደርገው አስቤያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትተኛ ጀምራለች። ልደፍነው መርፌዬ ላይ ክር ካስገባሁ በኋላ ግን በመጀመሪያ ልየው አልኩ። የሱቄ መስኮት ላይ አንዴ ሰቀልኩት። የእኔም መንገድ ከግድግዳዬ ላይ ተዘቅዝቆ መጣ፤ ታክሲው፣ የጫማ ጠጋኙ ጃንጥላ፣ የኤሌክትሪክ እንጨቱ። አንድ ሰው ካፖርት ለብሶ ግድግዳው ላይ ወደ ሱቁ በር ይመጣ ነበር። ሴት ትሁን ወንድ አልለየሁም። አላፊ አግዳሚ ነው፤ እንደዚያ ነው የማምነው።

መጋረጃውን አልገለጥኩም፤ አልወጣሁም፤ አልጠራሁም። መርፌዬን እንደያዝኩ ተነሥቼ ቆምኩና እስኪያልፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። ከዚያ ተቀምጬ ቀዳዳዋን ደፈንኳት።